የመሬቷ እምቢታ

ባለፈው ሰሞን የቆቃን መብራት ቤቴ ሊያስገባልኝ የመጣው ልጅ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ በጓሮ በኩል አንድ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበረና «እማማ፣ አንድ ባልዲ ውሃና እፍኝ ጨው ይኖርዎታል?» አለኝ። ለምን እንደሚፈልገው ሊያስረዳኝ አፉን ሲከፍት «አውቃለሁ ልጄ፣ አንተ ብቻ አፍስስ» አልኩት። ውሃው ደረቁ አፈር ላይ ሲያርፍ ሽሽ አለ፤ ከዚያ ያ ሽታ ተነሣ። የዝናብ ሽታ አልነበረም። ዝናብ አገር ሁሉ ያርሳል፤ ይሄ ግን አንዲት ቦታ ላይ ብቻ የፈሰሰ፣ ጨው፣ ትኩስ አቧራና ብረት የተቀላቀሉበት ሽታ ነው። ልጁ ዕቃውን ሰብስቦ «ደኅና ዋሉ» ብሎኝ ሲሄድ እንኳ እዚያው ቆሜ አሸት ነበር።

ያንን ሽታ አንድ በጋ ሙሉ በየቀኑ አሽትቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከመንዝ ወደ አዳማ፣ ከእናቴ ወንድም ከጋሼ ደምሴ ቤት የመጣሁበት ዓመት ነበር። ጋሼ በባቡር ጣቢያው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበሩ። አዳማ ያኔ ከተማ ለመባል ገና ታፍር ነበር፤ ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ጥቂት የነጋዴ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና ቁልቋል ነው። ከመንዝ ብርድ ለመጣች ልጅ ሙቀቱ ጉድ ነበር። ለእናቴ በሚላክ ደብዳቤ ላይ «እዚህ ሰው ጥላ ፍለጋ ከበግ ጋር ይጣላል» ብለው ይጻፉልኝ ብዬ ጋሼን ብለምናቸው ስቀው ተዉኝ።

የመጣሁት እንዲያው ለመጎብኘት አልነበረም። የጋሼ ሚስት እትዬ ጫልቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም ሲወለዱ ሞተውባታል። ሁለቱም ጊዜ ምጡ የመጣው በቀን፣ ጋሼ ጣቢያ ሳሉ ነው። ቤታችን ከሰፊው ሜዳ ወዲህ ነው፤ አዋላጇ አዴ ሎሚ የምትኖረው ከሜዳው ማዶ፣ ከጣቢያው ኋላ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ አዋላጇ በጊዜ አልደረሰችም። በሁለተኛው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ አዋላጇን ልትጠራ ስትሮጥ ልጁ ማንም በሌለበት ተወልዶ፣ እትዬ ጫልቱ ራሷን ስትስት፣ እንዲተነፍስ የሚረዳው ሰው ጠፋ። ይህን የነገረችኝ ጎረቤት ናት እንጂ በቤቱ ውስጥ አንድም ቀን ሲነሣ አልሰማሁም።

ጋሼ በመጣሁ ማግስት አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ሥራሽ አንድ ነው። ከአጠገቧ አትለዪም። ምጥ ከያዛት እጇን አትለቂም። የምትሮጪበት ቦታ የለም።»

«ታዲያ እርስዎን ማን ይጠራል?»

«ሽቦ» አሉ።

እኔ ሽቦ ሰው ሲጠራ አይቼ አላውቅም። ዝም አልኩ፤ ትልቅ ሰው ሲያብድ ዝም ማለት ይሻላል ብዬ።

እትዬ ጫልቱ ከአዋሽ ማዶ ናት። ረጅም፣ ኩሩ፣ ቀልደኛ ሴት። «እርስዎ» ብላት «አሮጊት መሰልኩሽ እንዴ?» ብላ ስለተቆጣችኝ «አንቺ» እላት ነበር። አማርኛዋ ከእኔ የመንዝ አማርኛ ይልቅ ጣፋጭ ነው፤ ስትደነግጥና ስትታመም ብቻ ወደ ኦሮምኛዋ ትመለሳለች። ከመቀመጫዋ ስትነሣ ወገቧን ይዛ ፊቷ ይለወጣል፤ «እትዬ፣ ምን ሆንሽ?» እላታለሁ፤ «ሆማ ሚቲ» ትለኛለች። ሌሊት ስትገላበጥም «ሆማ ሚቲ»። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ሲላትም «ሆማ ሚቲ»። እኔ ኦሮምኛ ከ«አካም» በቀር አንድ ቃል የማላውቅ፣ ሆማ የሚባል በሽታ አለባት ብዬ አዘንኩላት።

ጋሼ የጣቢያውን ሹም አስፈቅደው፣ ከመስመሩ ተርፎ የተጣለ ቀጭን የብረት ሽቦ አመጡ። ለአንድ መንገድ ብቻ ይበቃል እንጂ ለመልስ አይበቃም። ከጣቢያው እስከ ቤታችን የግራር ምሰሶ አስተከሉና ሽቦውን በየምሰሶው ጫፍ በተሰበረ ጠርሙስ አንገት ላይ አሳልፈው ጎተቱት። «ሽቦው እንጨት ከነካ፣ ቁልቋል ከነካ፣ መልእክቱ መንገድ ላይ ይፈሳል» አሉኝ። እኔ ከሥር ከሥሩ እየሄድኩ የሚፈስ ነገር ካለ ብዬ አፈሩን አይ ነበር። በጣቢያው በኩል ከጋሼ ጠረጴዛ በላይ ደወል ተሰቀለ፤ በቤታችን በኩል ደግሞ የነሐስ ቁልፍ ተደረገ። ቁልፉን አንዴ ሲጫኑት ደወሉ አንዴ ይመታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከእትዬ ጫልቱ አልጋ ሥር አራት የመስታወት ማሰሮዎች ተደረደሩ። ውስጣቸው ደመናማ ውሃ፣ ጥቁር ከሰልና የዚንክ ዘንግ አለ፤ ለሽቦው ጉልበት የሚሰጡት ባትሪዎች እነሱ ናቸው። ጋሼ ወለሉ ላይ ተንበርክከው አንዱን ከአንዱ በሽቦ እያያያዙ «ነይ፣ ሽማግሌዎቼን ላስተዋውቅሽ» አሉኝ።

«ሽቦ ሁሉ እምቢታ አለው» አሉ። «ረጅም ሽቦ ከአጭሩ፣ ቀጭኑም ከወፍራሙ ይልቅ እምቢ ባይ ነው። ፈረንጆቹ ሬዚስታንስ ይሉታል። እንግዲህ አንድ አባት ልጄን አልሰጥም፣ እምቢ ቢል ምን ይደረጋል?»

«ሽማግሌ ይላካል።»

«አሁንም እምቢ ቢል?»

«ሽማግሌ ይጨመራል!»

«በቃ፣ ተማርሽ» አሉ። «እያንዳንዱ ማሰሮ የሚገፋው አንድ ቮልት ተኩል ነው። አራቱ ተደጋግፈው ሲገቡ ስድስት። ለዚህች አክስትሽ አባት ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው የላክሁት።»

«አራተኛ ቢልክ አባቴ በሬውን በሚነዳበት ዱላ ነበር የሚቀበላቸው» አለች እትዬ ጫልቱ ከአልጋው ላይ።

እንግዲህ ትልቅ ሰው እንዲህ ካለ ልጅ ምን ያድርግ? በማግስቱ ጠዋት አልጋው ሥር ገብቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አራቱንም «እንደምን አደራችሁ፣ አባቶቼ» ብዬ እጅ ነሣኋቸው። እትዬ ጫልቱ ሰምታኝ ሆዷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያም እንደ ልማዷ «ሆማ ሚቲ፣ ሆማ ሚቲ» አለች። እኔ ግን ሰላምታውን እስከ መጨረሻው አላቋረጥኩም።

ያኔ ነው ጋሼ የእምቢታውን መለኪያ የነገሩኝ። እህል በቁና ይሰፈራል፣ ጨርቅ በክንድ፤ እምቢታ የሚሰፈረው በኦም ነው አሉ። ኦም! ጆሮዬ ቆመ። ኦም፣ ሆማ፤ ሆማ፣ ኦም። እትዬ ጫልቱ ስትጨነቅ የምትጠራው ይህንኑ ነው ማለት ነው። እንግዲያው ሕመሟ በሽታ አይደለም፤ በውስጧ ያለ እምቢታ ነው፤ ባሏ የሽቦውን ሲቆጥር እሷ የራሷን ትቆጥራለች። ማንንም አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ጥልቅ ነገር በራሴ ስለደረስኩበት ኮራሁና ለብቻዬ ያዝኩት።

ሽቦው ተስቦ ያለቀ ቀን ጋሼ ከጣቢያው የተጣለ አሮጌ መለኪያ ይዘው መጡ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ውስጡ አንዲት ቀጭን መርፌ ቆማለች። «በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት ሲበዛ መርፌዋ ብዙ ታዘነብላለች፤ ሲያንስ ትንሽ» አሉኝ። ከዚያ አንድ የብረት ዘንግ በጓሮ ቀበሩ። መልእክቱ በሽቦ ይሄዳል፤ ዞሮ ካልተመለሰ ግን ደወል አይመታም፤ የሚመለሰውም በመሬት ውስጥ ነው አሉኝ። ይህን ስሰማ እግሬን ከመሬት አነሣሁ።

«በየት በኩል?»

«በሁሉም በኩል። ከጣቢያው ሐዲድ ተነሥቶ ከሜዳው ሥር፣ ከከብቱ ኮቴ ሥር፣ ከቁልቋሉ ሥር አልፎ እዚህ ዘንግ ላይ ይወጣል።»

ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ። መርፌዋ ፍንክች አላለችም። ደግመው ተጫኑ፤ ምንም። እትዬ ጫልቱ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ባሌ ዘንድሮ ብረት ዘርቷል» አለች፤ «ሲበቅል ባቡር ይሆንልናል።»

ጋሼ አልሳቁም። ዘንጉ የተተከለበትን አፈር በእጃቸው ዘገኑት፤ እንደ ዱቄት በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ። «መሬቷ ደርቃ ነው» አሉ፤ «የደረቀ መሬት እምቢታው ብዙ ነው። ውሃ አምጪ፤ ከአሞሌውም ፈቅፍቂና ጨምሪበት።»

«ጨው ለመሬት?» አለች እትዬ ጫልቱ። ውሃውስ ቢሆን ከአዋሽ በአህያ የሚመጣ ነው፤ ፊት የታጠብንበት ለእግር፣ የእግሩ ለቃሪያው መደብ ይተላለፋል እንጂ የሚደፋ ነገር አልነበረንም። ቢሆንም አመጣሁ። ጋሼ ዘንጉ ሥር አፈሰሱት፤ አፈሩ ሽሽ አለ፤ ሽታው ተነሣ። ቁልፉን እንድጫን እኔን ጠሩኝ። ተጫንኩ።

መርፌዋ ተነሣችና አዘነበለች።

ማንም አልነካትም፣ ነፋስም አልነበረም። እጄን ሳነሣ ተመለሰች፤ ስጫን ደግማ ሄደች። ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ሁሉ ቆመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ መደነቅ ግን አልደገመኝም። ከመሬት በታች፣ ዓይን በማያየው መንገድ፣ አንድ ነገር ከጣቢያው ድረስ ተጉዞ እኔ ዘንድ መጥቷል። ተደፍቼ ጆሮዬን ዘንጉ ሥር እርጥቡ አፈር ላይ አሳረፍኩ፤ ሲያልፍ እሰማው እንደሆነ ብዬ። የሰማሁት የራሴን ልብ ነው፤ እሱ መሰለኝ።

ጋሼ ከሰል አንሥተው በበሩ ሳንቃ ላይ ይጽፉ ጀመር። «መርፌዋ የአምፔር አንድ ዐሥረኛ ላይ ቆማለች። ግፊታችን ስድስት ቮልት ነው። ግፊቱን ለፍሰቱ አካፍዪ፤ ጠቅላላው እምቢታ ይወጣል።» ማካፈሉን እሳቸው አካፈሉልኝ፤ ስልሳ ኦም ሆነ። «ሽቦው ሃያ አለው፣ ለክቼዋለሁ። ደወሉ ዐሥር አለው፣ ላዩ ላይ ተጽፏል። የማሰሮዎቹ ጥቂት ነው፣ ለዛሬ እንተወው። ከስልሳው ላይ ሠላሳው ሲነሣ ስንት ቀረ?»

«ሠላሳ።»

«እሱ የመሬቷ ነው» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ እሳቸውም ገርሟቸዋል። «ተመልከች፣ ማንም ውስጧ ገብቶ አላያትም። እምቢታዋ ግን ሠላሳ ነው።»

የበሩን ሳንቃ አየሁ፣ መሬቱን አየሁ። በመንዝ መሬትን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው ሲባል ነበር ያደግኩት። አጎቴ በከሰል ሰፈሯት።

ጋሼ ከዐሥረኛው ትንሽ ዝቅ ብለው መስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም ጭረት አሰመሩ። መርፌዋ ከጭረቱ ካለፈች ደወሉ ይመታል፤ ካላለፈች መዶሻው አይነሣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ መሬቷን ማጠጣት ሆነ። የዕቃ እጣቢው፣ የእግር ውሃው፣ ጭላጩ ሁሉ የእሷ ነው፤ በየሦስት ቀኑ ጥቂት ጨው። ጠዋት ጠዋት ጋሼ ጣቢያ ከደረሱ በኋላ አንዴ እጫናለሁ። ምሳ ሊበሉ ሲመጡ ገና ከደጅ፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ «ተሰማ!» ይላሉ። የቴሌግራፍ ሰው አነጋገር ነው፤ መልእክት ሲቀበሉም እንዲያው «ተሰማ» ይሉ ነበር። እትዬ ጫልቱም ከውስጥ ሆና አፏን እያጣመመች ታስመስላቸዋለች። ቀልዷን ብትቀጥልም ያቺን ቃል ካልሰማች ምሳ አታቀርብም ነበር።

አንድ ቀን ጋሼን «መርፌዋ ግማሽ ድረስ ብትሄድ ደወሉ በግማሽ ድምፅ ይመታል አይደል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በሩብ ነው» አሉ።

«ግማሽ ስል እኮ!»

«ሰማሁ። ፍሰቱ ግማሽ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ይሆናል።» ወደ በሩ ወሰዱኝ። «ደወሉ ዘንድ የሚደርሰው ጉልበት ፍሰቱ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በደወሉ እምቢታ ተባዝቶ ነው። አንድ ዐሥረኛ በአንድ ዐሥረኛ፣ በዐሥር፤ የዋት አንድ ዐሥረኛ። አሁን መሬቷ ደርቃ እምቢታዋ ሠላሳ የነበረው ዘጠና ቢሆን፣ ጠቅላላው መቶ ሃያ ይሆናል፤ ፍሰቱ አንድ ሃያኛ። አንድ ሃያኛ በአንድ ሃያኛ፣ በዐሥር፤ አንድ አርባኛ። ዐሥር አርባ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል?»

አራት ጊዜ። ሩብ። ተናደድኩ፤ ግማሽ የሰጠ ሰው ግማሽ ሊቀበል ይገባዋል። ጋሼ ሳቁብኝ፤ ሆኖም ያን ስሌት ከበሩ ላይ አላጠፉትም። በየማታው ቆመው ያዩት ነበር። አንድ ማሰሮ ቢደክም፣ አንድ ምሰሶ ቢወድቅ፣ ሽቦው ቢዝግ እያሉ አዲስ አዲስ ቁጥር ይጨምሩበታል። ፈርተው ነበር፤ ሲያሰሉ ብቻ ፍርሃቱ ትንሽ ይለቃቸዋል።

ግንቦት ላይ ከአዋሽ ውሃ የሚያመጣልን ሰው አህዮቹ ታመሙበትና ቀረ። እንስራው ባዶ ሆነ። የቀረን አንድ ገንቦ ውሃ ነው፤ እሱንም እትዬ ጫልቱ ለወሊዱ ብላ አጥልላ፣ በሰሌን ከድና፣ ጥግ አስቀምጣዋለች። «ይህን የነካ ሰው እጁን እቆርጣለሁ» ብላለች፤ ዓይኗን አይቼ እንደማትቀልድ አውቄአለሁ። ያን ቀን ጠዋት መርፌዋ ቀዩን ጭረት ለጥቂት አለፈች። ጋሼ ምሳ ሲመጡ ከባቡሩ አንድ ቆርቆሮ ውሃ እንደሚያመጡ ነግረውኝ፣ የሚስታቸውን ግንባር ስመው ሄዱ።

ረፋዱ ላይ ነፋሱ ተነሣ፤ ሜዳው ሁሉ አቧራ ሆነ። እትዬ ጫልቱ ምስር ስትለቅም ድንገት እጇ ቆመ።

«እትዬ?»

«ሆማ ሚቲ።»

ትንሽ ቆየችና ሰፌዱን አስቀመጠች። «ሆማ ሚቲ» አለች፤ ማንም አልጠየቃትም። ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፣ መልሳ ተቀመጠች። ከከንፈሯ በላይ ላብ አለ። «ሆማ ሚቲ። ሆማ ሚቲ፣ ሆማ...» ቃሉ እየተደጋገመ፣ እየተቀራረበ መጣ። እኔ መርፌዋን እንደማነብ አነበብኳት፤ ሆማዋ ከሠላሳ ተነሥቶ ዘጠና መድረሱ ነው።

«ልደውል» አልኩ።

«ተዪ! ገና ነው፣ ሥራውን አታስፈቺው» አለች። ይህን ስትል ጥርሷን ነክሳለች። እኔ ግን አፏን ትቼ ኦሟን ሰማሁና ሮጬ ቁልፉን ተጫንኩ።

መርፌዋ ግማሽ ድረስ ሄዳ ቆመች።

ደግሜ ተጫንኩ፤ ግማሽ። በሩን ቀና ብዬ አየሁ፤ ስሌቱ እዚያው በከሰል ተጽፏል። ግማሽ ሩብ ነው፤ በሩብ ጉልበት መዶሻው አይነሣም፤ ጋሼ አልሰሙም። ልሩጥ ብል እጇን አትልቀቂ ተብያለሁ፤ የሮጠችው ሠራተኛም ምን ጥላ እንደሄደች አውቃለሁ። ወደ ጥጉ ሄጄ ሰሌኑን ከገንቦው ላይ አነሣሁ።

«እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸች። «የልጄ ውሃ ነው!»

«መሬቷ እምቢ አለች፣ እትዬ» አልኩ፤ አለቀስኩም። «ካልጠጣች ጋሼ አይሰሙም።»

ገንቦውን አየች፤ እኔን አየች። ስንት ወር የቀለደችበትን፣ በሩ ላይ ያለውን የከሰል ስሌትም አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና «ኦባሲ» አለች። ይህን ቃል በዚያ በጋ ተምሬዋለሁ፤ ማዶ ያሉት እረኞች ከብቱ ውሃ ሲደርስ የሚሉት ነው። አጠጫት ማለቷ ነው።

ገንቦውን አቅፌ ወጣሁ። እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰስኩት፤ የቀረውን አሞሌ በድንጋይ አድቅቄ በላዩ በተንኩ። ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ተመልሼ አንድ እጄን ለእትዬ ጫልቱ ሰጠኋት፣ በሌላው ተጫንኩ። መርፌዋ ግማሹን አለፈች፤ ጭረቱ ዘንድ ደረሰች፤ ውሃው ወደ ታች እየሰረገ ነው መሰለኝ ቀስ እያለች ጭረቱን ተሻገረች። ሦስት ጊዜ ተጫንኩ፤ ሦስት «አዋላጇን ይዘህ ና» ነው።

«ተሰማ?» አለችኝ እጄን እየጨመቀች።

«ተሰማ» አልኩ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ከሜዳው ማዶ ያለ ደወል በዚያ ነፋስ ማን ይሰማዋል? መላእክትን ሳላይ አምን ነበር፤ እነሱን ግን እናቴ ስላስተማረችኝ ነው። ይህንን በስሌት አመንኩት፤ ደግሞም ሙሉ በሙሉ አመንኩት።

ከአቧራው ውስጥ መጀመሪያ የታዩት ጋሼ ናቸው፤ ባርኔጣ የለም፣ አንድ እጃቸው ወደ ኋላ ተዘርግቷል። በእጃቸው ጫፍ አዴ ሎሚ ትጎተታለች፤ ወፍራም ናት፣ እያለከለከች ትራገማቸዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔም ልውለድልህ ወይ? ቀስ!» ገብታ ያየችውን አይታ ወዲያው ድምፅዋ ተለወጠ። «ልጅቷ ትውጣ። ውሃ የት አለ?»

«መሬት ጠጣችው» አልኩ።

አዴ ሎሚ «ምን አለች?» አለች። ጋሼ ግን ምንም ሳይጠይቁ ቆርቆሮ አንሥተው ዞረው ሮጡ። ባቡሩ ጣቢያ ቆሞ ነበር። ነጂው ከእንፋሎቱ ጋን የፈላ ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው፤ ተመልሰው ሲመጡ ቆርቆሮው ገና ይጨሳል፣ ዘይት ዘይትም ይሸታል። አዴ ሎሚ በበሩ ስንጥቅ ተቀበለቻቸውና መልሳ ዘጋችው።

ጋሼና እኔ ጓሮ ቆምን። ከውስጥ የአዴ ሎሚ ድምፅ ይሰማል፤ የእትዬ ጫልቱ አይሰማም። ጋሼ ዘንጉ ሥር ያለውን እርጥብ መሬት አዩ። እንድታጠጪ ማን ነገረሽ አላሉም። «መቼ እንደሚደወል በምን አወቅሽ? እሷ ገና ነው አትደውዪ ነበር የምትልሽ» አሉኝ።

«ሆማዋ በዛ» አልኩ።

«ምኗ?»

«ሆማዋ። እምቢታዋ። እርስዎ ኦም የሚሉት፣ እሷ ሆማ የምትለው።»

ጋሼ ትክ ብለው አዩኝ። ሊስቁ ብለው ተዉት። «ልጄ፣ ሆማ ሚቲ ማለት እኮ ምንም አይደለም ማለት ነው።»

ምንም አይደለም? ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ እብጠት፣ ያ ሁሉ ላብ? ምንም ያልሆነ ነገር እንዴት እንዲህ ይበዛል? ጋሼም በዓይናቸው ወደ ቤቱ እያዩ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «ቢሆንም የቆጠርሽው ልክ ነው» አሉ።

ከዚያ የአዴ ሎሚም ድምፅ ቆመ።

ጋሼ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከሰል የለም፣ ሳንቃ የለም፤ የሚያሰሉት ነገር አልቆባቸዋል። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ እንደ ልማዴ ተደፍቼ ጆሮዬን ዘንጉ ሥር፣ ጨዋማው እርጥብ አፈር ላይ አሳረፍኩ። ልቤ ይመታል። ከዚያ ከሥሬ ይሁን ከግድግዳው፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ አዲስ ድምፅ ሰማሁ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፤ ከዚያም ሳያቋርጥ።

«ደምሴ!» አለች እትዬ ጫልቱ ከውስጥ፤ ድምፅዋ ደክሟል። «ደምሴ፣ ተሰማ?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ቃል በየቀኑ፣ በስንት ዓመት ሥራቸው ስንት ጊዜ ብለውታል፤ አሁን ግን እምቢ አላቸው። እንባቸው አገጫቸው ላይ ይወርዳል፤ ድምፅ የለም። ስለዚህ ከመሬት ተነሥቼ፣ ጆሮዬ ላይ አፈር እንዳለ፣ እኔ ስለ እሳቸው መለስኩላት።

«ተሰማ!»

ለልጁ ሌላ ስም የፈለገለት ሰው አልነበረም።